ዘንዶው ብርቅ ይሁን፤ ጎብሊኑስ ለምን?

በ2003 (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት የተባለው የአሜሪካ የጨዋታ ኩባንያ አንዲት ትንሽ የካርቶን ሣጥን ለገበያ አቀረበ። በሣጥኗ ውስጥ ቀለም የተቀቡ ስምንት የፕላስቲክ ምስሎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ በመዳፍ ውስጥ ተደብቀው የሚቀሩ ጥቃቅን ናቸው። ሣጥኗ ዙሪያዋን የታሸገች በመሆኗ ገዢው ምን እንደያዘች አያውቅም፤ ሻጩም አያውቅም። የሚታወቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከስምንቱ አንዱ «ብርቅ»፣ ሦስቱ «መካከለኛ»፣ አራቱ ደግሞ «ተራ» ከተባለው ወገን መሆናቸው። «ሃርቢንጀር» የሚል ስም የተሰጠው የመጀመሪያው ስብስብ 80 ዓይነት ምስሎች ነበሩት። ሁሉንም ለማግኘት የፈለገ ሰው ዕድሉን እየሞከረ ሣጥን መክፈት ነበረበት፤ አለዚያም የሌላውን ትርፍ በራሱ ትርፍ መለወጥ።

ውድ አንባቢያን፣ የሳይንስ መጽሔት ስለ አሻንጉሊት ምን አገባው ትሉን ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ ግን በዚህች ሣጥን ውስጥ የፕሮባቢሊቲ ትምህርት፣ የሥነ ምህዳር ትምህርትና አንድ የፍትሕ ጥያቄ አብረው ታሽገው አግኝተናል። ሦስቱንም እየፈታን እናያለን።

በመጀመሪያ ምስሎቹ ለምን እንደሚያገለግሉ እንናገር። «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 ያሳተሙት ጨዋታ ነው። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ አንዱ የጨዋታው መሪ ሆኖ ታሪኩን ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ጀግና ሆነው በታሪኩ ውስጥ ይጓዛሉ። የሚሠሩት ሥራ ይሳካ አይሳካ እንደሆነ የሚወስነው ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ነው። ውጊያ ሲመጣ ማን የት እንደቆመ ለማወቅ በአራት ማዕዘን በተከፋፈለ ሰሌዳ ላይ ምስሎችን ይደረድራሉ። ልብ በሉ፦ ጀግኖቹ አሥር ጎብሊኖች ከገጠሟቸው ሰሌዳው ላይ አሥር ጎብሊን ያስፈልጋል። ዘንዶ ከገጠማቸው ግን አንድ ዘንዶ ይበቃል። የክርክራችን መሠረት ይኸው ነው።

ዕቃን በዝግ ሣጥን፣ በደረጃ በተከፋፈለ ብርቅነት መሸጥ ከምስሎቹ ጋር አልተጀመረም። ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ የሒሳብ ሊቅ በ1993 «ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ» የተባለውን የካርታ ጨዋታ ሲያወጣ የታሸጉ ካርታዎችን የመሸጥ ዘዴ ዓለምን አዳረሰ። በ2000 ዊዝኪድስ የተባለ ሌላ ኩባንያ «ሜጅ ናይት» በሚል ስም ያንኑ ዘዴ ወደ ፕላስቲክ ምስሎች አሸጋገረው። የ2003ቷ ሣጥን የተከተለችው ይህን መንገድ ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። እንዲመቸን 60 ዓይነት ምስሎች ያሉት አንድ ስብስብ እንውሰድ፤ 16ቱ ተራ፣ 20ዎቹ መካከለኛ፣ 24ቱ ብርቅ ይሁኑ። በአንድ ሣጥን ውስጥ እንደተለመደው አራት ተራ፣ ሦስት መካከለኛና አንድ ብርቅ እናድርግ። በየደረጃው ያሉት ምስሎች እኩል ዕድል አላቸው፤ አንዱ ሣጥንም ስለ ሌላው ምንም አያውቅም እንበል። አንድ ሰብሳቢ 24ቱንም ብርቅ ምስሎች ለማግኘት በአማካይ ስንት ሣጥን መክፈት ይኖርበታል?

ብዙ ሰው 24፣ ቢበዛ 40 ወይም 50 ብሎ ይገምታል። የሒሳብ ሰዎች «የኩፖን ሰብሳቢው ጥያቄ» የሚሉት ይህ ችግር መፍትሔው አስደንጋጭ ነው። የመጀመሪያው ሣጥን ሁልጊዜም አዲስ ብርቅ ይሰጣል። ሁለተኛው አዲስ የመስጠት ዕድሉ 23/24 ነው፤ ቀጥሎ 22/24፤ እንዲህ እያለ ይወርዳል። መጨረሻ ላይ አንድ ብቻ ሲቀር ዕድሉ 1/24 ይሆናልና ለዚያች አንዲት ምስል ብቻ በአማካይ 24 ሣጥን ይከፈታል። ሁሉም ጥበቃ ሲደመር ወደ 91 ሣጥን ይደርሳል። የመጀመሪያዎቹ 12 ብርቅ ምስሎች በ16 ሣጥን ገደማ ይገኛሉ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ግን ብቻቸውን 44 ሣጥን ይበላሉ። ሰብሳቢው ግማሽ መንገድ በፍጥነት ከተጓዘ በኋላ «ጥቂት ነው የቀረኝ» ማለት የሚጀምረው ልክ መንገዱ ገደል በሚሆንበት ቦታ ላይ ነው። 91 ሣጥን የከፈተው ሰው በቤቱ 728 ምስሎች ይኖሩታል፤ ከእያንዳንዱ ተራ ምስል ወደ 23 ያህል ቅጂ ማለት ነው።

አንድ የተለየ ብርቅ ምስል ብቻ የሚፈልግ ሰውስ? «ከ24 አንዱ ከሆነ 24 ሣጥን ብከፍት አገኘዋለሁ» የሚል ካለ ይሳሳታል። ከ24 ሣጥን በኋላ ምስሉን ጨርሶ ያለማግኘት ዕድሉ 36 በመቶ ነው፤ ከ48 ሣጥን በኋላም እንኳ 13 በመቶ ይቀራል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ያለፉት ሣጥኖች ለሚመጣው ሣጥን ውለታ የማይቆጥሩ መሆናቸው ነው። አርባ ጊዜ ያጣ ሰው በአርባ አንደኛው የማግኘት ዕድሉ በመጀመሪያው ቀን ከነበረው አልጨመረም። ሎተሪ የሚቆርጥ ሁሉ ይህን በቃል ያውቃል፤ በልቡ ግን አያምንም።

ፖል ኤርዶሽና አልፍሬድ ሬኒ የተባሉት የሀንጋሪ የሒሳብ ሊቃውንት በ1961 ይህንኑ ጥያቄ በጥልቀት መርምረውታል። ከእነሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ዶናልድ ኒውማንና ላሪ ሼፕ ያገኙት ውጤት ግን ለእኛ የበለጠ ያስደስተናል፤ ሁለተኛ ሙሉ ስብስብ ለማሟላት የሚያስፈልገው ተጨማሪ ሣጥን ለመጀመሪያው ከሚያስፈልገው እጅግ ያነሰ ነው። ይህ ማለት ብዙ ጓደኛሞች ሣጥኖቻቸውን በአንድነት ከፍተው ትርፋቸውን ቢለዋወጡ የእያንዳንዳቸው ድርሻ ከ91 እየወረደ፣ ቁጥራቸው እየበዛ በሄደ መጠን ወደ 24 ይጠጋል። የጓደኛ ጥቅም በቀመር ሲረጋገጥ አልፎ አልፎ ብቻ ነው የምናየው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ብርቅነት በጥቅሉ ነው። የእኛ ቅሬታ ግን ብርቅነት መኖሩ ላይ አይደለም፤ ለማን እንደሚታደል ላይ ነው። የትኛው ጭራቅ ተራ፣ የትኛውስ ብርቅ እንዲሆን የሚወስነው አምራቹ ነው። በዚህ ውሳኔ ላይ ሦስት ኃይሎች ይሳሳባሉ። አንደኛው ወጪ ነው፤ ትልቅ ምስል ብዙ ፕላስቲክና ብዙ ቀለም ይፈልጋልና በየሣጥኑ አራት ዘንዶ ማስገባት አይቻልም። ሁለተኛው ጉጉት ነው፤ ሰው የሚመኘውን ነገር ብርቅ ማድረግ ሣጥን ያሸጣል። ሦስተኛው ደግሞ ይህ ምርት ሁለት ጌቶችን ማገልገሉ ነበር። በአንድ በኩል ምስሎቹ የራሳቸው ደንብ ያለው የውድድር ጨዋታ ነበራቸው፤ እያንዳንዱ ምስል በነጥብ ተመዝኖ ሁለት ትናንሽ ጭፍሮች ይጋጠሙበታል። በሌላ በኩል ታሪክ እየተረከ የሚያጫውተው መሪ ለጠረጴዛው ይፈልጋቸዋል። ተወዳዳሪው ጠንካራ ተዋጊ ይፈልጋል፤ አንድ ካገኘም ይበቃዋል። መሪው ግን መንጋ ይፈልጋል። ጠንካራ ስለሆነ ብቻ «ብርቅ» የተባለ የጭፍራ ወታደር ለመጀመሪያው ሰው ሽልማት፣ ለሁለተኛው ቅጣት ነው።

ቅጣቱ ምን ያህል እንደሆነ በዚያው ስሌት እንለካው። አንድ መሪ አንድ ዓይነት ስምንት ጎብሊኖች ይፈልጋል እንበል። ጎብሊኑ ተራ ከሆነ በአንድ ሣጥን የመገኘት ዕድሉ 4/16፣ ማለትም አንድ አራተኛ ነው፤ ስለዚህ በአማካይ 32 ሣጥን ያስፈልጋል። መካከለኛ ከሆነ 53 ገደማ። ብርቅ ከሆነ ግን 192 ሣጥን! በአንጻሩ አንድ ዘንዶ የሚፈልግ ሰው ዘንዶው ተራ ቢሆን አራት ሣጥን፣ ብርቅ ቢሆን 24 ሣጥን ይከፍታል። ዘንዶውን ብርቅ ማድረግ ሰውን 20 ሣጥን ያስከፍላል፤ ጎብሊኑን ብርቅ ማድረግ 160። የሚገርመው አምራቹ በሁለቱም ጊዜ ያደረገው ነገር አንድ ዓይነት ነው፤ በምስሉ መቆሚያ ሥር አንዲት ምልክት መለወጥ።

በሒሳብ ክፍል ያላችሁ አንባቢያን እዚህ ላይ ሃርዲ፣ ሊትልዉድና ፖሊያ በ1934 መጽሐፋቸው የተነተኑትን የአደራደር አለመተካከል ታስታውሱ ይሆናል። ሁለት የቁጥር ረድፎችን አጣምረን እያባዛን ስንደምር ድምሩ ከሁሉ የሚያንሰው የአንዱ ትልቅ ከሌላው ትንሽ ጋር ሲጣመር ነው። አንዱ ረድፍ ከየጭራቁ በጠረጴዛ ላይ የሚፈለገው ብዛት፣ ሌላው አንዱን ለማግኘት የሚደረገው ጥበቃ ይሁን። ለእያንዳንዱ ምስል የሚደረገውን ጥበቃ ለየብቻ ቆጥረን ብንደምር፣ ድምሩን ዝቅ የሚያደርገው ድልድል ብዙ የሚፈለገውን ተራ፣ አንድ የሚፈለገውን ብርቅ የሚያደርገው ነው። እንግዲህ እኛ የምንለው መመዘኛ አጭር ነው፦ ይህ ጭራቅ በአንድ ጊዜ ስንት ሆኖ ይመጣል? አሥር ከሆነ ተራ፣ ሁለት ሦስት ከሆነ መካከለኛ፣ ብቻውን ከሆነ ብርቅ። ጥንካሬውም፣ ውበቱም፣ ዝናውም ከዚህ በኋላ ይምጡ።

ይህ መመዘኛ ከሒሳብ ብቻ የተወለደ አይደለም፤ ተፈጥሮም በዚሁ ትሠራለች። ቻርልስ ኤልተን በ1927 በእንስሳት ሥነ ምህዳር መጽሐፉ በምግብ ሰንሰለት ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የእንስሳቱ ብዛት እንደ ፒራሚድ እየጠበበ እንደሚሄድ አሳየ። ሬይመንድ ሊንደማን በ1942 ምክንያቱን በኃይል ፍሰት አስረዳ፤ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚሻገረው ኃይል በጣም ጥቂቱ፣ በግርድፉ አሥር በመቶ ያህሉ ነው፤ የቀረው በመተንፈስና በሙቀት ይባክናል። ስለዚህ ትልልቅና ኃይለኛ አዳኞች ጥቂት የሚሆኑት ወደው አይደለም፤ የሚበሉት ስለማይበቃ ነው። በባሌ ተራሮች አምባ ላይ ፍልፈሉና አይጡ ምድሩን ሲሞሉ፣ እነሱን የሚያድነው ቀይ ቀበሮ በአገሪቱ ሁሉ ተቆጥሮ አዋቂዎቹ ከ500 ያንሳሉ። (እርግጥ ነው፣ የቀይ ቀበሮው ማነስ የምግብ ሰንሰለት ብቻ ያመጣው አይደለም፤ የእርሻ መስፋፋትና ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ተፈጥሮ ከምትወስነው ብርቅነት ላይ ሰው የራሱን ጨምሮበታል።)

ሰማይ የሚያህል ዘንዶ ተራራ ላይ ተኝቶ አገር የሚያስገብር ከሆነ በአንድ አገር ስንት ዘንዶ ሊኖር ይችላል? አንድ፣ ቢበዛ ሁለት። ጎብሊኑ ግን እንደ አይጥ ይራባል። ስለዚህ ዘንዶ ብርቅ፣ ጎብሊን ተራ ሲሆን ሣጥኑ ራሱ ስለዚያ ምናባዊ ዓለም እውነት ይናገራል። ሣጥን የከፈተ ልጅ ምግብ ሰንሰለት የሚለውን ቃል ሳይሰማ ፒራሚዱን በእጁ ይዳስሰዋል። ጎብሊኑ ብርቅ፣ ስም ያለው አንድ የተለየ ባላባት ደግሞ ተራ ሆኖ በየቤቱ ሃያ ሃያ ቅጂ ሲከማች ግን ያ ዓለም ይፈርሳል። ሃያ መንታ ባላባቶችን ምን ያደርጓቸዋል?

ለዚህ ሐሳብ የሚሰጠውን መልስ እናውቃለን። «ተራው ሁሉ ጭፍራ፣ ብርቁ ሁሉ ንጉሥ ከሆነ ሣጥን መክፈት ይሰለቻል» ይባላል። ከመካከላችንም ይህን የሚሉ አሉ። ከዚህ የበለጠ የሚከብደው መልስ ግን የኢኮኖሚው ነው፤ ብዙ ሰው ለይቶ የማይገዛውን እንግዳ ጭራቅ ለመቅረጽ አምራቹ የሚደፍረው በዝግ ሣጥን ውስጥ ሸሽጎ ስለሚሸጠው ነው። ይህ እውነት ነው፤ አንክደውም። ዝግ ሣጥን ባይኖር ኖሮ መደርደሪያው በዘንዶና በጀግና ተሞልቶ አስቂኞቹና አስገራሚዎቹ ፍጡራን ጨርሶ ባልተወለዱ ነበር። የጨዋታው ታሪክ ራሱ ይህን ይመሰክራል፤ ብረት የሚበላው «ረስት ሞንስተር»፣ መሬት ሰንጥቆ የሚወጣው «ቡሌት» እና ግማሹ ጉጉት ግማሹ ድብ የሆነው «አውልቤር» መነሻቸው ጋይጋክስ በርካሽ የገዛቸው፣ በሆንግ ኮንግ የተሠሩ፣ ምን እንደሆኑ እንኳ የማይታወቁ የፕላስቲክ አሻንጉሊቶች ነበሩ። ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ የተከበሩት ጭራቆች የሳንቲም አሻንጉሊት ልጆች ናቸው። ስለዚህ ያልጠበቁትን ነገር ከከረጢት ውስጥ የማግኘትን ደስታ መንቀፍ አይሆንልንም። የምንነቅፈው ደስታው በማያስፈልግ ቦታ፣ መንጋ በሚፈለግበት ላይ ተጭኖ ሲሸጥ ነው።

ነገሩ ከአሻንጉሊት ሱቅ አልፎ ዛሬ በየተማሪው ስልክ ውስጥ ገብቷል። በዲጂታል ጨዋታዎች ውስጥ ተጫዋች ወይም መሣሪያ ይዞ የሚመጣው የሚገዛ ሣጥን የዚያች ካርቶን ወራሽ ነው፤ ልዩነቱ ለመክፈት መቀስ አለመፈለጉ ነው። ካርቶኗ ቢያንስ ስምንት የሚዳሰሱ ነገሮች ትሰጥ ነበር፤ ትርፉም ለጓደኛ ይለወጥ ነበር። በብዙ የስልክ ጨዋታዎች ግን መለዋወጥ የተከለከለ ነው፤ በኒውማንና በሼፕ ስሌት ካየነው ይህ ክልከላ ተጫዋቹን ወደ 91ዱ ሣጥን መልሶ የሚያስርበት ገመድ ነው። መንግሥታትም ነቅተዋል። ጃፓን በ2012 ብዙ ብርቅ ነገሮችን ሁሉንም ላሟላ ብቻ ታላቅ ሽልማት የሚሰጠውን «ኮምፕ ጋቻ» የተባለውን ዘዴ ከለከለች፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት 44 ሣጥን እንደሚበሉ ላየ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቻይና ከ2017 ጀምሮ የጨዋታ ኩባንያዎች የዕድሉን መጠን በይፋ እንዲናገሩ አስገድዳለች፤ በ2023 ደግሞ ዝግ ሣጥን ከስምንት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይሸጥ መመሪያ አውጥታለች። የቤልጂየም የቁማር ኮሚሽን በ2018 አንዳንዶቹን የዲጂታል ሣጥኖች ቁማር ናቸው ሲል ወስኗል።

እኛ ለክልከላ አንቸኩልም፤ ቁጥሩን መጻፍ ግን ግዴታ መሆን አለበት እንላለን። በ2025 ዓለምን ያዳረሰው የላቡቡ አሻንጉሊት ሣጥን የተደበቀው ልዩ ምስል ከ72 አንዱ መሆኑን ይናገራል። ይህ ከዝምታ ይሻላል። ሆኖም 72 ሣጥን የገዛ ሰው ያንን ምስል ያለማግኘት ዕድሉ አሁንም ወደ 37 በመቶ እንደሚሆን ሣጥኑ አይነግረውም። ይህንን መንገር የእናንተ፣ ፕሮባቢሊቲ የተማራችሁት አንባቢዎቻችን ሥራ ነው፤ ታናሽ ወንድምና እህት ያላችሁ ከቤታችሁ ጀምሩ።

የ2003ቷ ሣጥን መጨረሻዋ ምን ሆነ? ኩባንያው ምርቱን በ2011 አቋረጠ። ዊዝኪድስ በ2014 በዚያው የጨዋታ ስም «አይከንስ ኦቭ ዘ ሬልምስ» የተባሉ አዳዲስ ምስሎችን አወጣ፤ አሁንም በዝግ ሣጥን፣ አሁን ግን አራት አራት ሆነው። በ2017 ግን ያው ኩባንያ ቀለም ያልተቀቡ ምስሎችን ውስጡ በሚታይ እሽግ መሸጥ ጀመረ። ገዢው ምን እንደሚገዛ አይቶ ይገዛል፤ ቀለሙን ራሱ ይቀባል። ለመንጋው የሚያስፈልጉትን ጎብሊኖች አንድ መሪ እያየ ቆጥሮ ወደ ቤቱ መውሰድ ችሏል። ዘንዶውን ደግሞ ከፈለገ በዝግ ሣጥን ይሞክር፤ ካልሆነለትም ሁለት ዘንዶ ደርሶት ጎብሊን ያጣ ጓደኛ አይጠፋም።